በበረኪና የማይታጠብ አፈር

ከመርሳ ወደ ግራና የሚሄደው ባጃጅ ገና ከመናኸሪያው ሳይወጣ ውስጡ በበረኪና ሽታ ታፈነ። ሹፌሩ ዞር ብሎ፣ «ኧረ ሐኪም ቤቱን ጠቅልሎ የተሳፈረው ማነው?» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። ጥሩወርቅ ግን አልሳቀችም። በጉልበቶቿ መካከል የያዘችውን ቢጫ ጀሪካን ክዳን እንደገና አጥብቃ ጠመዘዘችና የነጠላዋን ጫፍ ጣል አደረገችበት።

አጠገቧ የተቀመጠችው ወጣት ሴት ጎንበስ ብላ፣ «እትዬ፣ ነጠላዎን ያንሱት። ከነካው ጥለቱ ቀለሙን ይለቃል» አለቻት።

«ይልቀቅ። ነጠላ ይተካል።»

«ይህን ሁሉ በረኪና ለድግስ ዕቃ ማጠቢያ ነው የገዙት?»

«ለመሬት ነው።»

«ለቤት ወለል?»

«ለመሬት አልኩሽ እኮ፣ እህቴ። ለአፈር። ልጄ የምትጫወትበትን አፈር ላጥበው ነው።»

ሹፌሩ ይህን ሲሰማ፣ «እንግዲያው ማስጫ ገመድም መግዛት ነበረብሽ!» ብሎ ባጃጁን በሳቅ ሞላው። ጥሩወርቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወጣቷ ሴት አልሳቀችም። ጭኗ ላይ የነበረውን ቦርሳ ከፈት አድርጋ አሳየቻት። በትንንሽ ላስቲክ የታሰረ አፈር ሞልቶበታል።

«እኔ ህሊና እባላለሁ። የወልድያ ልጅ ነኝ። የተማርኩት ስለ አፈር ነው። አሁንም ወደ ግራና የምሄደው ሽንኩርታቸውን ፀረ ተባይ የሚረጩ ገበሬዎች መርጫቸውን የሚያለቀልቁበትን ቦታ አፈር ልወስድ ነው» አለች።

ጥሩወርቅ ቦርሳውንም ልጅቱንም አየች። «አይ ጉድ! እኔ ከአፈር ስሸሽ አንቺ ታቅፈሽው ትሄጃለሽ» አለችና በዚያን ጊዜ ብቻ ትንሽ ፈገግ አለች። ከዚያም ስሟን ነግራት የሆዷን መናገር ጀመረች።

የጥሩወርቅ ባል አለሙ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እሷና ትንሿ ልጇ ቤዛዊት የሚኖሩት ከአማቷ ከአያ አበባው ጋር ነው። አያ አበባው ከጓሮ ባለው ጉድጓድ ለረጅም ዘመን ማሽላ ሲያስቀምጡ ኖረዋል። ነቀዝ እንዳይገባ በየዓመቱ በጉድጓዱ ወለልና ግድግዳ ላይ ነጭ ዱቄት ይነሰንሱ ነበር። የዱቄቱን ስም የሚጠይቅ አልነበረም፤ በቃ «ዱቄቱ» ይባላል። ዘንድሮ ጉድጓዱ ውሃ ማስገባት ስለጀመረ አዲስ ጎተራ ተሠራ። በዚያ ቤት ደግሞ አንድ ልማድ አለ። አዲስ ጎተራ የሚለሰነው ከአሮጌው የእህል ጉድጓድ በወጣ አፈር ነው። እህል ሲተኛበት የኖረ አፈር በረከቱን ይዞ ወደ አዲሱ ቤት ይገባል ይባላል። አያ አበባውም አፈሩን ቆፍረው አውጥተው ከግቢው መሃል ከምረውታል። በማግስቱ ጎረቤት ተጠርቶ ጎተራው ሊለሰን ነው።

«ልጄን ከክምሩ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት» አለች ጥሩወርቅ። «ጣቷን እያጠቀሰች ትልሳለች። አፏ ዙሪያ አፈር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።»

«መርዝ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

ጥሩወርቅ አንገቷን ደፋች። «ማንም አልነገረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የጎልማሶች ትምህርት እገባለሁ። ፊደል ከለየሁ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነው የምውለው። የዱቄቱ ቆርቆሮ ጓዳ ውስጥ ነበር። ጠርጌ አልፈው ነበር፣ አንስቼ አስቀምጠው ነበር። አንድ ቀን ቆም ብዬ አነበብኩት። ‘መ’ አልኩ፣ ‘ር’ አልኩ፣ ‘ዝ’ አልኩ። ሦስቱን ስገጥማቸው ‘መርዝ’ ሆነ። ባለፈው ሰሞን አንድ ጠርሙስ በረኪና ከክምሩ ጫፍ አፈሰስኩበት። አልበቃ ቢለኝ ይኸው ጀሪካን ገዛሁ።»

«ያፈሰሱበት ቦታ ምን ሆነ?»

«ሣሩ ቢጫ ሆነ። ጉንዳኑም ጥሎ ሄደ። ነጣ አለ፤ የጸዳ መሰለኝ።»

ህሊና ቦርሳዋን ዘጋች። ከዚያ፣ «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ሊጥ ያቦካሉ?» አለቻት።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ታዲያ ምን እንበላለን?»

«እርሾውን በፈላ ውሃ ቢያጥቡት ሊጡ ይነሳል?»

«እርሾው ይሞታል እንጂ!»

«አየሽ፣ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ነዋ የሚሞተው» አለች ህሊና፣ በጨዋታው ተስባ አንቱታዋን ረስታ፤ ወዲያው፣ «ይቅርታ፣ አዩ ማለቴ ነው» አለች።

«ተይው፣ አንቺ በይኝ። እህቴ ብዬሽ የለ?»

«እሺ። አፈርም እንደዚያው ነው። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች አሉበት። ቅጠሉን፣ ገለባውን፣ እበቱን ሰብረው የሚበሉ እነሱ ናቸው። መርዙንም ቀስ እያሉ ሊሰባብሩት የሚችሉ ከነሱ መካከል አሉ። በረኪና ዱቄቱን ከአፈር አያወጣልሽም። የሚገድለው ሊረዱሽ የሚችሉትን ነው።»

ይህን የሰማ ሰው ደስ ይለዋል ብሎ የሚያስብ ይኖራል። ጥሩወርቅን ግን ሌላ ፍርሃት ያዛት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልጇን ለማዳን አንድ ነገር እያደረገች እንደሆነ ታምን ነበር። አሁን ያም እጇ ላይ ተሰበረ። ለልጁ የሚሳሳ ወላጅ ፍርሃት ብቻውን ሲመራው እንዲህ ነው፤ እጁ ያገኘውን ሁሉ ያፈሳል፣ ያቃጥላል፣ የሚጠቅመውንም አብሮ ያጠፋል።

«ነገ ጎተራው ይለሰናል» አለች የህሊናን ክንድ ይዛ። «ቤት ድረስ ነይልኝ። ለአማቴ አንቺ ንገሪልኝ። እኔ ብናገር የምራት ወሬ ይሆናል።»

*

አያ አበባው ከጎተራው ጥላ ሥር ተቀምጠው የልስን ጭድ ያበጥራሉ። እንግዳዋን አክብረው ተቀበሉ፤ የማን ልጅነቷን፣ የወልድያን ዝናብ ጠየቁ። የመጣችበትን ሲሰሙ ግን ጭዱን አስቀመጡ።

«የኔ ልጅ፣ ተምረሻል፤ እሰየው። እኔ ግን ከዚህ ጉድጓድ ስበላ ነው የሸበትኩት። ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ። መርዝ ከሆነ እኔን ለምን አልገደለኝም?»

«አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ግን ዱቄቱ እዚህ ቤት ሲገባ እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነበር?»

«ጎልማሳ ነበርኩ። አለሙን ወልጄ ነበር።»

«ስለዚህ እርስዎ አድገው ከጨረሱ በኋላ ነው ያገኘዎት። ቤዛዊት ግን ገና ስታድግ ነው የምታገኘው። የቆርቆሮውን ጽሑፍ አይቻለሁ፤ ይህ መርዝ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ከስብ ጋር ይቀመጣል፤ ከእናት ጡት ወደ ልጅ ይሄዳል። ዛሬ ያማል፣ ነገ ይገድላል አልልዎትም። የማላውቀውን ተናግሬ ቤትዎን አላስደነግጥም። ልጅ በአፏ እንድታስገባው፣ የዓመት ቀለብም እንዲተኛበት ግን አይገባም።»

«ነቀዙንስ? እህሌን ነቀዝ ይብላው?»

«ማሽላውን በደንብ አድርቀው አየር በማያስገባው ድርብ ከረጢት ጥርቅም አድርገው ቢያስሩት ነቀዙ ታፍኖ ያልቃል። መርሳ ገበያ ይገኛል። ከረጢቱን ጎተራው ውስጥ ያስቀምጡት።»

አያ አበባው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ፣ ወደፊት ዱቄቱን ልተወው። ያለፈውን ምን አደርገዋለሁ? አፈሩ የአባቴ ነው። ልጣለው?»

«አይጣል። ወንዝ ዳር ቢደፉት ውሃው ለሌላ ሰው ልጅ ያደርሰዋል። እዚሁ ይታከማል። እበት፣ ገለባና ቅጠል ተቀላቅሎበት፣ አንድ ጊዜ በደንብ እየረጠበ፣ ሌላ ጊዜ እየተገላበጠ አየር ቢያገኝ፣ በአፈር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሠራተኞች ይበዙና መርዙን ይሰባብሩታል። አንዳንዶቹ አየር ሲያጡ ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹ አየር ሲያገኙ። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይቀንሳል።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «ስሚ ጥሩወርቅ! ተባይ ላጥፋ ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ዱቄት ነሰነስኩ። አሁን በስተርጅና ተባይ አርባ እየተባልኩ ነው! ደግሞ የማይታይ ተባይ! በሬ ቢሆን እንኳ ቆጥሬ አስገባው ነበር።»

ጥሩወርቅ ቤዛዊትን እቅፍ አድርጋ፣ የልጅቷን ጣቶች አንድ በአንድ በነጠላዋ ጠረገች። ሳቁ ነገሩን የሚዘጋው መሰላት። ህሊና ግን አልተቆጣችም።

«አባቴ፣ በእድሩ መቃብር የሚቆፍሩት እርስዎ ነዎት ብላ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ነገረችኝ። እውነት ነው?»

«ጉልበት እስካለኝ ድረስ። ምን አገናኘው?»

«የቆየ መቃብር ሲከፍቱ መግነዙ የት ይሄዳል?»

«አፈር ይበላዋላ።»

«በምን አፉ?»

አያ አበባው ጭዱን አነሱ፣ አስቀመጡ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ «ቦታ ቦታ አለው» አሉ። «በመቃብሩ ቦታ ከወይራው ሥር ያለው ጥቁር አፈር ይበላል። ቶሎ ይበላል። ከታች ያለው ነጩ ጭንጫ ግን... አንድ ጊዜ ከፍተን መግነዙ እንዳለ ነበር። ደንግጠን አማተብን። ቄሱ አባ ሙሉጌታም ጸሎት አደረሱበት።»

«ከወይራው ሥር ቅጠል ይረግፋል፤ ያ አፈር ጠግቦ ይኖራል። ነጩ ጭንጫ ግን ሠራተኛ የለበትም፤ ወይም የተራበ ሠራተኛ ነው ያለበት። የጉድጓድዎም አፈር እንደዚያው ነው። ከጥልቅ የወጣ ነው፣ እበት አያውቅም፣ በዚያ ላይ ዱቄት ጠጥቷል።»

ሰው የሌላውን እውቀት ለመቀበል ይከብደዋል፤ የራሱን ሥራ ሲያስታውሱት ግን ልቡ ይከፈታል። አያ አበባው ብዙ ጊዜ የቆፈሩትን መሬት ገና አሁን ማየት የጀመሩ መሰሉ። ቢሆንም የጎተራው ነገር ገና አልተፈታም።

«ጎረቤት ጠርቻለሁ» አሉ። «ጠላው ተጠምቋል። ነገ ሲመጡ ምን ልበላቸው? የአባቴን በረከት ትቼ ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጡ ልበል? አያቴም አባቴም በዚሁ ነው የለሰኑት። ዘንድሮ ይለሰን፤ ሌላውን ቀስ ብለን እናያለን።»

ይህን ጊዜ ጥሩወርቅ ተነሳች። በዚያ ቤት ከአማቷ ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም ነበር።

«አባባ፣ ነገ ጎተራው በዚያ አፈር ከተለሰነ እኔ ልጄን ይዤ ወደ ሐራ፣ ወደ እናቴ ቤት እሄዳለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«አልተቆጣሁም፣ አባባ። ፈርቼ ነው። የምቆጣ ብሆን ይበርድልኝ ነበር። ፍርሃቱ ግን አልበርድ አለኝ። ሌሊት ተነስቼ አፏን አሸታለሁ። ቀን ውሃ ልቀዳ ሄጄ ሳልሞላ እመለሳለሁ። ከዚያ ጎተራ የወጣ እህል ፈጭቼ ላጎርሳት አልችልም፤ እጄ እምቢ ይለኛል።»

ሽማግሌው ምራታቸውን ቀና ብለው አዩ። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ከንፈሯ ደርቋል። ቤዛዊት እጇን ዘርግታ፣ «አባባ» አለቻቸው። እሳቸውም እጃቸውን ሊዘረጉላት ሲሉ መዳፋቸውን አዩት። ሲቆፍሩ የሰነበቱበት የጉድጓድ አፈር በመስመሮቹ ሁሉ ገብቷል። እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ውሃ አምጡልኝ» አሉ።

እጃቸውን በሳሙና እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ከዚያ ከትከሻቸው ላይ ያለውን አሮጌ ጋቢ ጫፉን ይዘው ቀደዱት፤ ሁለት ቁራጭ።

«ስሚ ልጄ» አሉ ህሊናን። «እኔ ባላየሁት አላምንም። አንዱን ከክምሩ ውስጥ እቀብራለሁ። አንዱን ከከብቶቹ በረት ጀርባ። እኩል ውሃ ይጠጣሉ። ክረምቱ ሲወጣ አወጣቸዋለሁ። የበረቱ ተበልቶ የክምሩ ከተረፈ፣ አንቺ እውነትሽን ነው። እስከዚያው ጎተራው በወንዝ ዳር ጭቃ ይለሰን።»

ጥሩወርቅ ልጇን እንዳቀፈች ከክምሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ወዲያው ግን የት እንደተቀመጠች አይታ ዘላ ተነሳች።

*

በማግስቱ ጎረቤቶች መጡ። ነገር ወዳዱ ሽፈራው ክምሩን አልፎ ጭቃ ሲሸከም፣ «አያ አበባው፣ በረከቱን ለማን ተዉት? ለዶሮዎች ነው?» አለ።

«ዶሮም እንዳይነካው ታጥሯል፣ አታይም? አፈሩ ታሟል። እስኪድን አንጠይቀውም» አሉ አያ አበባው።

«ታማሚ ከሆነማ ከጠላው ትንሽ ይቅመሳ!»

«አንተ የቀመስከው ይበቃል።»

በሳቅ ታለፈ። ክምሩ ከውሃ መውረጃው ርቆ ከግቢው ጥግ ተወሰደ፤ ዙሪያው በእሾህ ታጠረ፣ በእርከን ተከበበ፣ ላዩ በሸራ ተሸፈነ። አያ አበባው ሲያነሱት አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው፣ እጃቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ነበር፤ ህሊና ያለዚያ አትንኩት ብላ አስጠንቅቃለች። ሁለቱን የጋቢ ቁራጮችም አያ አበባው በየቦታቸው ቀበሩ፤ ሸራ ሥር ያለው እንዳይደርቅ ክረምቱን በየጊዜው ውሃ ያጠጡት ነበር።

ክረምቱ ለጥሩወርቅ ረዘመባት። ዝናቡ ሲያጉረመርም ሸራው የተገለጠ ይመስላታል። በጭቃው ውስጥ ሮጣ ሸራውን የተጫነውን ድንጋይ ታደላድልና ትመለሳለች። ትምህርት ቤት ሄዳ ስትጽፍ እንኳ እጇ «አፈር» ሲሏት «አፍ» ብሎ ይቆማል። መምህርቷ፣ «ጥሩወርቅ፣ ‘ፈ’ እና ‘ር’ የት ሄዱ?» ስትላት ሴቶቹ ይስቃሉ፤ እሷም አብራ ትስቃለች፤ ልቧ ግን ግቢዋ ነው።

አደይ ሲፈነዳ ህሊና ተጠርታ መጣች። አያ አበባው መጀመሪያ ከበረቱ ጀርባ ቆፈሩ። ጨርቁ የለም ማለት ይቻላል። ጥቂት ክር ብቻ፣ እንደ ሸረሪት ድር፣ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ወጣ። ከዚያ ከክምሩ ቆፈሩ። የጋቢው ቁራጭ ከነጥበቡ ወጣ። ቆሽሿል እንጂ አንድ ቀዳዳ የለውም። ሽማግሌው ይዘው ጎተቱት፤ አልቀደድ አለ።

«እንደዚያ እንደ ነጩ ጭንጫ» አሉ በዝግታ። «በዚህ ነበር ጎተራዬን ልለስን ያልኩት።»

«ይህ መርዙን አይለካም» አለች ህሊና። «ብቻ ሠራተኞቹ እንደሌሉ ያሳያል። መርዙን በቤተ ሙከራ አስለካዋለሁ።» ከክምሩ ጥቂት አፈር በላስቲክ አስራ ወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ የተፈራው እውነት ሆነ፤ ዱቄቱ በአፈሩ ውስጥ ነበረ።

ሕክምናው ተጀመረ። እበት፣ የማሽላ ገለባ፣ ከአጥር የተመለመለ ቅጠል፣ ከበረቱ ጀርባ ደግሞ ጥቂት አካፋ ጥቁር አፈር፣ ልክ እንደ እርሾ። ይህን የኋለኛውን ያሰበችው ጥሩወርቅ ናት። «ሊጥ ካለ እርሾ አይነሳም ተባብለን የለ?» ብላ ህሊናን በስልክ ጠየቀቻት። ህሊናም ሳቀች፤ «ደግ አስበሻል» አለቻት። አያ አበባው ያረጥባሉ፣ ይሸፍናሉ፣ ቆይተው ያገላብጣሉ። ሲሰለቻቸው፣ «እነዚህ የማይታዩ በሬዎች ከሚታዩት ይልቅ ይበላሉ» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ግን አልተዉትም።

በሁለተኛው ዓመት መስቀል ሰሞን፣ ክረምቱ ሲገባ አያ አበባው የቀበሩት ሦስተኛው የጋቢ ቁራጭ ከክምሩ ወጣ። ይህ ወንፊት መስሎ ነበር። አብሮት አንድ ወፍራም የመሬት ትል ወጣና ጭራውን እያወዛወዘ ተመልሶ ገባ። አያ አበባው ማንም እንዳይነካው እጃቸውን ዘረጉ። የቤተ ሙከራውም መልስ ደረሰ። መርዙ በጣም ቀንሷል፤ አላለቀም።

«ታዲያ ጎመን ልዝራበት?» አለች ጥሩወርቅ።

«ገና ነው» አለች መልሱን ይዛ የመጣችው ህሊና። «ልጅ የሚበላው ነገር አይዘራበት፤ ከብትም አይጋጥበት። ዳሩ ላይ የአጥር ተክል ይተከል። መመገቡን አታቁሙ።»

ጥሩወርቅ እፎይ አላለችም። ግን «ገና» የሚለውን ቃል ወደደችው። ፍርሃቷ ከዚህ በፊት ማብቂያ አልነበረውም፤ አሁን የሚጠበቅ ነገር አገኘ።

ሽፈራው በዚያን ሰሞን የእሱን ጉድጓድ ሊከፍት ሲል መጀመሪያ የመጣው ወደ አያ አበባው ነው። እሳቸውም ጎተራቸውን ከፍተው አሳዩት። ማሽላው በድርብ ከረጢት ታስሮ፣ ፍሬው ሳይበሳ፣ አንዲት ነቀዝ የለበትም።

«ዱቄት መግዛት ቀረልኝ» አሉ። «እህሌን ሳላጥብና ሳልፈራ አስፈጫለሁ። ምራቴ ሌሊት ትተኛለች። አፈሩም የአባቴ ነው፤ አልጣልኩትም፣ እየዳነ ነው። በረከት ይዞ ይገባል ሲሉን ዱቄቱም አብሮ እንደሚገባ የነገረን አልነበረም። አንተም ልጅ አለህ፤ ከጉድጓድህ አፈር ለጎተራህ አታውጣ።»

«የማይታዩትን በሬዎችስ ከየት ላምጣ?»

«ከበረቴ ጀርባ አንድ አካፋ ውሰድ። አበላላቸውንም ጥሩወርቅ ታሳይሃለች። እሷ ናት ያስተማረችኝ።»

ወንፊት የመሰለውን ጨርቅ አያ አበባው አልጣሉትም። ህሊና እንዳለችው አጥበው አደረቁትና ከጎተራው ከፍታ፣ ልጅ ከማይደርስበት፣ የአባታቸው አፈር ሊለሰንበት ከነበረው ቦታ ላይ ሰቀሉት። ቤዛዊት ወደ ላይ እያየች፣ «አባባ፣ ጋቢህን ማን በላው?» አለች።

«ሠራተኞቼ።»

«የት አሉ?»

«ከእግርሽ ሥር።»

ልጅቷ ከበረቱ ጀርባ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ቁጭ አለችና ሠራተኞቹን ፍለጋ በጣቷ መጫር ጀመረች። ጥሩወርቅ ከደጃፉ ብድግ አለች። አንድ እርምጃ ሄደች። ቆመች። ከዚያ ልጇ ስትጨርስ የምትታጠብበትን ውሃና ሳሙና አቀረበችና ተመልሳ ተቀመጠች።